ገዳዩን ተዉትና ወረቀቱን አሳዩኝ

የወንድሜ ልጅ እንቅልፍ የሚወስዳት የሰው መገደል እየሰማች ነው። ማታ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ውስጥ ትሰካለች። አንድ እንግሊዛዊ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ሌላ እንግሊዛዊ ነፍሰ ገዳይ ያወራላታል። በሽተኞቹን ስለጨረሰው ሐኪም፣ መዶሻ ይዞ ሌሊት ስለሚዞረው ሾፌር፣ ሬሳ ከግድግዳ ወረቀት ጀርባ ስለደበቀው ሰውዬ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ማታ ብሰማ መቀርቀሪያ ስፈትሽ ነው የሚነጋው። እሷ አሥር ደቂቃ ሳይሞላት ታንኮራፋለች።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ነው የምትማረው። ቅዳሜና እሁድ ከዶርም ወደ እኔ ትመጣለች። ልብሷን ታጥባለች፣ ሽሮዬን ትጨርሳለች፣ ነፍሰ ገዳዮቿን ታዳምጣለች። "ለማስረጃ ሕግ ይጠቅመኛል እትዬ" ትለኛለች። እሺ ይሁንልሽ እላታለሁ።

ግንቦት ላይ አንድ እሁድ መብራት ሄደ። ማዳመጫዋ ቻርጅ ጨርሶ ስለነበር ስልኳን በድምፅ ከፍታ ደጅ ተቀመጠች። እኔ የዘጌ ቡና እየቆላሁ ነው። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ጭሱን መልሶ ዓይኔ ውስጥ ይሞጅረዋል። ግማሹን እየሰማሁ ግማሹን እየተውኩ ሳለ አንድ ቃል ጆሮዬን ያዘው። ታይፕራይተር።

"ቆይ፣ መልሺው" አልኳት።

መለሰችው። ቡናው አረረ።

ታይፕ መምታት ከጀመርኩ አርባ ዓመት አልፎኛል። ሠላሳ ምናምኑን አንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ጡረታ ስወጣ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከፈትኩ። አሁን ሁሉም በኮምፒውተር ሆኗል። አሮጌዋን ማሽኔን ግን ዳንቴል አልብሼ ጥግ ላይ አስቀምጫታለሁ፤ ደንበኞች እንደ ጌጥ ያዩዋታል።

የድሮውን የአማርኛ ታይፕ የማያውቅ ሰው ማሽን ሁሉ አንድ ይመስለዋል። አይደለም። ፊደሉን ትመታለህ፣ ከዚያ ቅጥያውን ትጨምርበታለህ። ቅጥያው የሚያርፍበት ቦታ በየማሽኑ ይለያያል። ቢሯችን ሦስት ማሽን ነበረው። የአንዱ "መ" ዓይኖቹ በቀለም ተደፍነው የታወረ ይመስላል። የሌላው "ሰ" አንድ እግሩ አጭር ነው። ሦስተኛው መስመር ሊጨርስ ሲል ወደ ላይ ይንጠራራል። አንድ ጊዜ አንድ ባለጉዳይ የውሳኔ ግልባጭ ነው ብሎ ወረቀት ይዞ መጣ። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። "ይሄ ከእኛ ማሽን አልወጣም" አልኩ። ሳቁብኝ። ሦስቱንም ማሽን እዚያው መትቼ ከወረቀቱ ጎን አስቀመጥኩላቸው። ሳቁ ቀረ። ሰውየውም ከቀጠሮው ቀረ።

እና ታይፕራይተርና ነፍሰ ገዳይ አንድ ላይ ሲነሱ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ሰውየው ሃሮልድ ሺፕማን ይባላል። ማንቸስተር አጠገብ ባለች ሃይድ በምትባል ከተማ ሐኪም ነበር። መጀመሪያ "እሳቸው" ልለው ዳድቶኝ ነበር። ዶክተር ነዋ። የሃይድ አሮጊቶች አማርኛ ቢናገሩ በእርግጠኝነት "እሳቸው" ነበር የሚሉት። ቤት ድረስ እየመጣ የሚያክም፣ ጊዜ ሰጥቶ የሚያዳምጥ፣ ሁሉም የሚወደው ሐኪም።

ካትሊን ግራንዲ 81 ዓመታቸው ነበር። በከተማዋ የታወቁ፣ ያለ እረፍት ወዲያ ወዲህ የሚሉ ሴት። በእነሱ አቆጣጠር ጁን 24 ቀን 1998፣ በእኛ ሰኔ 17 ቀን 1990 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሺፕማን ጠዋት ቤታቸው መጣ። የደም ናሙና ልወስድ ነው ብሎ። እኩለ ቀን ላይ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉበት ቦታ ሳይመጡ ሲቀሩ ጓደኞቻቸው ቤታቸው ሄዱ። ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ሶፋ ላይ ሞተው አገኟቸው። ሐኪሙ "እርጅና" ብሎ ጻፈ። ተቀበሩ። (ከዚህ ወዲያ ዓመቱን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እየደመርኩ እየቀነስኩ አልችልም።)

ከዚያ ኑዛዜ መጣ። በታይፕ የተመታ። 386,000 ፓውንድ የሚያወጣውን ንብረታቸውን ለሐኪማቸው ይሰጣል። ለልጃቸው ምንም።

ልጅየው ደግሞ የሕግ ባለሙያ ናት! የእናቷን የሕግ ጉዳይ ሁልጊዜ የሚይዘው የእሷ ቢሮ ነው። ወረቀቱን ስታየው ገንዘቡ ብቻ አይደለም ያስደነገጣት። አመታቱ ነው። የተዝረከረከ ነበር። እናቴ ነገሯ ሁሉ ልክ ነው፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ አትፈርምም አለች። እዚህ ላይ ስደርስ የወንድሜን ልጅ ጉልበቷን መታሁት። አየሽ? ንጹሕ አድርጎ ቢመታው ኖሮ ማን ያውቃል።

ፖሊስ መቃብሩን አስከፈተ። አስከሬኑ ውስጥ ሞርፊን የተባለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ተገኘ። ኑዛዜው ላይ የሺፕማን የጣት አሻራ ተገኘ። ኑዛዜው የተመታበት ብራዘር የተባለ ማሽን ከራሱ ዘንድ ተገኘ። ምን ቢል ጥሩ ነው? "ወይዘሮ ግራንዲ አንዳንዴ ይዋሱኝ ነበር።" የፍርድ ቤት ሰው ሆኜ ብዙ መልስ ሰምቻለሁ። እንዲህ ዓይኑን ያፈጠጠ ግን ጥቂት ነው።

ምስክሮቹስ? ሕጋቸው ሁለት ይጠይቃል። ሁለት በሽተኞችን ተራ ከሚጠብቁበት ክፍል ጠርቶ የታጠፈ ወረቀት ላይ አስፈረማቸው። ምን እንደሚፈርሙ አላዩም። ዶክተሩ ናቸው ያሉት፣ በቃ።

የእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 881 ግልጽ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት ይላል። ከአራቱ አንዱ ዳኛ ወይም እንዲህ ያለ ሥልጣን ያለው ከሆነ ሁለት ይበቃል። ደንበኞች "አራት ሰው ከየት ላምጣ?" እያሉ ሲያማርሩብኝ ኖረዋል። አንዳንዴ እኔም ከጎረቤት ሻይ ቤት ሰው ስለምን ሕጉን ረግሜዋለሁ። ከሺፕማን ወዲህ አልረገምኩትም።

ግን በጣም ያንገበገበኝ ኑዛዜው አይደለም። ከዚያ በፊት የነበሩት ወረቀቶች ናቸው። እንግሊዝ አገር አስከሬን የሚቃጠል ከሆነ የሁለተኛ ሐኪም ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ፊት ለፊቱ ያለው ክሊኒክ ሐኪሞች ይፈርሙለት ነበር። ከመካከላቸው አንዲት ሐኪም የፈረሙለትን ብዛት ስታስበው ከበዳት። በማርች 1998 አመለከተች። ፖሊስ አየሁት አለ፣ ምንም የለም አለ፣ ዘጋው። ካትሊን ግራንዲን ጨምሮ ሦስት ሰዎች የሞቱት ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ ነው።

እና ሺፕማን በ1976 የመድኃኒት ማዘዣ አስመስሎ በመጻፍ፣ ፔቲዲን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ለራሱ በመውሰድ ተከሶ 600 ፓውንድ ተቀጥቷል። ዶሴው ነበር። መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያው መርማሪ አልገለጠውም። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" እንላለን። ያልተገለጠ ጽሑፍስ ምን ይሆናል? ይኼን ጥያቄ ለመዝገብ ቤት ሰው አታንሱበት፣ ደሙ ይፈላል።

ሌሎችም አይተው ነበር። ቀብር አስፈጻሚ ቤተሰብ ውስጥ የምትሠራ ሴት የዚህ ሐኪም ሟቾች ለምን ሁልጊዜ ልብሳቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደሚገኙ ገርሟታል። አሮጊቶችን የሚያመላልስ አንድ የታክሲ ሾፌር ደንበኞቹ ሲያልቁበት ስማቸውን እየጻፈ ያስቀምጥ ነበር። ማን ያምነኛል ብሎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሐኪምን የሚያህል ሰው ላይ ባለ ታክሲ ጣቱን ሊቀስር? እዚህም ቢሆን ያው ነው። አንድ ባለ ባጃጅ ነገ መጥቶ ስለ አንድ የተከበሩ ዶክተር እንዲህ ቢለኝ ሻይ አዝዤለት "ተው ልጄ፣ ስም አታጥፋ" የምለው ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር እርግጠኛ ነኝ።

እኔ የሰፈራችን የሴቶች እድር ጸሐፊም ነኝ። መዝገባችን ላይ የሟች ስም፣ ቀን፣ የወጣ ድንኳንና ወንበር፣ የተከፈለ ገንዘብ አለ። ማን አከማቸው የሚል ዓምድ የለም። ያን ሰሞን ማታ መዝገቡን አውጥቼ ወደኋላ ሳገላብጥ የወንድሜ ልጅ አየችኝ። "እትዬ፣ አሁን አንቺም ተያዝሽ" ብላ ሳቀችብኝ።

ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2000 በ15 ግድያ ጥፋተኛ አለው። ከዚያ አንዲት ዳኛ የመሩት አጣሪ ኮሚሽን የአሮጌ በሽተኞቹን ካርድ አንድ በአንድ አገላብጦ በእርግጠኝነት የገደላቸው 215 ናቸው አለ። በኋላ ግምቱ ወደ 250 ደረሰ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የበሽተኞችን ታሪክ ከሞቱ በኋላ እየቀየረ፣ ቀኑን ወደኋላ እየመለሰ ይጽፍ ነበር። ማሽኑ ግን መቼ እንደተነካ በሆዱ ይዞት ኖሯል። እሱ ምንም ሳያምን በጃንዋሪ 2004፣ 58 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው እስር ቤት ራሱን ሰቀለ።

የስልኩ ሰውዬ ግማሽ ሰዓት የሚያወራው "ለምን ገደለ?" እያለ ነው። እናቱ በ17 ዓመቱ በካንሰር ሞታ፣ ሐኪም ሞርፊን ሲወጋላት እያየ ነበር ይላል። ይሆናል። እናቱ የሞተችበት ልጅ በዓለም ላይ ስንት ነው? ይኼ ወሬ ለእንቅልፍ ይሆናል እንጂ ለምንም አይሆንም።

ከዚያ በኋላ እኔም ተያዝኩ። ቅዳሜ ሲመጣ "ዛሬ ማን ነው?" ማለት ጀመርኩ።

ዮርክሻየር ላይ ሴቶችን ስለገደለው ፒተር ሰትክሊፍ ያወራችልኝ እሷ ራሷ ናት። ከ1975 እስከ 1980 አሥራ ሦስት ሴቶች። የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ፖሊስ ዘጠኝ ጊዜ አነጋግሮታል። ዘጠኝ! ይኼ እንዴት ሊሆን ይችላል ብላችሁ የምትጠይቁ ከሆነ መዝገብ ቤት ሠርታችሁ አታውቁም ማለት ነው። ሁሉም ነገር በእጅ በሚጻፍ ካርድ ላይ ነበር። ካርዱ በዝቶ ተከመረ። አንዱ መርማሪ ያነጋገረውን ሌላው አያውቅም። በአንዲት ሟች ቦርሳ ውስጥ የተገኘ አዲስ የአምስት ፓውንድ ኖት ለደመወዝ ከተከፈለባቸው ድርጅቶች አንዱ የእሱ መሥሪያ ቤት ነበር። ያ ካርድ አንድ ቦታ አለ። መኪናው በተደጋጋሚ የታየበት ካርድ ሌላ ቦታ አለ። ሁለቱ ካርዶች አልተገናኙም። እኔ "መዝገቡ ጠፋ" የተባለ ዶሴ ከጎኑ ካለው ዶሴ ሆድ ውስጥ ተሰክቶ ስንቴ እንዳገኘሁ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ባለጉዳዩ ያን ጊዜ ለስንተኛ ቀጠሮ ከአዴት በእግሩ መጥቷል።

ይባስ ብሎ በ1979 አንድ ቀልደኛ ካሴት ቀድቶ ላከ። ገዳዩ እኔ ነኝ አለ። አነጋገሩ የሰንደርላንድ ነው ተባለ። በቃ፣ ፖሊስ የሰንደርላንድ ሰው ፍለጋ ወጣ። የብራድፎርዱ ሰትክሊፍ በአነጋገሩ ተጣርቶ አለፈ። የወንድሜ ልጅ ይኼን ስትነግረኝ በሳቅ ሞተች። "እትዬ፣ የባሕር ዳር ፖሊስ በጎንደርኛ የተቀዳ ካሴት ደርሶት ማርቆስ የተወለደውን ሁሉ እንደመልቀቅ እኮ ነው!" እኔን አላሳቀኝም። ከካሴቱ በኋላም ሴቶች ሞተዋል። ቀልደኛው በ2006 ተፈረደበት፤ ፖስታውን ሲያሽግ የላሰው ምራቅ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ጠብቆ አጋለጠው። የተፈረደበት ስምንት ዓመት ነው።

ሰትክሊፍን የያዙት ደግሞ ሁለት ተራ ፖሊሶች ናቸው። በጃንዋሪ 1981 ሼፊልድ ላይ፣ በሐሰተኛ ታርጋ። ሊያዝ ሲል ሽንቴ መጣ ብሎ ዞር ብሎ ነበር። አንደኛው ፖሊስ በማግስቱ ነገሩ ከነከነው። ተመልሶ ሄዶ ሽንቴን ሸናሁ ያለበትን ቦታ አየ። መዶሻና ቢላዋ አገኘ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የእንግሊዝ ፖሊስ የትልልቅ ምርመራ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ያዞረው። ስሙን ሆልምስ አሉት፣ እንደ ልብ ወለዱ መርማሪ እንደ ሸርሎክ ሆልምስ። ፈረንጅ ቀልድ አያልቅበትም።

መጀመሪያ ላይ ከሞቱት አንዳንዶቹ ሴተኛ አዳሪዎች ስለነበሩ ነገሩ ቸል ተብሏል። ሌላ ዓይነት ሴት ስትሞት "ንጹሕ" ልጅ ሞተች ተባለ። የፊተኞቹ ምን ነበሩ ታዲያ? ስለ ጃክ ዘ ሪፐርም እንዲሁ ነው፤ በ1888 ለንደን ውስጥ አምስት ሴት ገደለ የሚባለው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀው። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። እሱ እኔ ካልጻፍኩለት የሚጎድልበት ነገር የለም። የወንድሜን ልጅ ግን የሴቶቹን ስም ጠየቅኳት። አላወቀችም። ስልኳን አሰፈለግኳት። ሜሪ አን ኒኮልስ፣ አኒ ቻፕማን፣ ኤልዛቤት ስትራይድ፣ ካትሪን ኤዶውስ፣ ሜሪ ጄን ኬሊ። ወረቀት ላይ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። የእድር ጸሐፊ ነኝ፣ ስም ሳይጻፍ ሲቀር ይከነክነኛል።

እንቅልፍ የነሳኝ የቲሞቲ ኢቫንስ ነው።

ለንደን፣ ሪሊንግተን ፕሌስ፣ ቁጥር 10። ኢቫንስ የዌልስ ልጅ፣ የመኪና ሾፌር፣ ማንበብና መጻፍ እምብዛም የማይችል። ሚስቱና ሕፃን ልጁ በ1949 መጨረሻ ሞተው ግቢው ውስጥ ካለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ተገኙ። ኢቫንስ ለፖሊስ ቃል ሰጠ። ከዚያ ሌላ ቃል ሰጠ። ከዚያ ሌላ። አንዱ ላይ ገደልኩ ይላል። ችሎት ላይ ደግሞ አልገደልኩም፣ የገደለው ታች ቤት ያለው ጎረቤቴ ክሪስቲ ነው አለ። ክሪስቲ በጦርነቱ ጊዜ በረዳት ፖሊስነት ያገለገለ፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ትሑት ሰውዬ ነው። የዓቃቤ ሕግ ምስክር ሆኖ ቀረበ። እሱ ታመነ። ኢቫንስ በማርች 1950 ተሰቀለ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ተከራይ ክሪስቲ የለቀቀውን ወጥ ቤት ግድግዳ ሲነካካ ወረቀቱ ተቀደደ። ከጀርባው ሬሳ። ሦስት። ሚስቱ ወለሉ ሥር። ሌሎች ሁለት ጓሮ። በ1949 ፖሊስ ያን ጓሮ ሲፈትሽ አንድ የሰው ጭን አጥንት የአጥሩን እንጨት ደግፎ ቆሞ ነበር። ማንም አላየውም። ክሪስቲ በ1953 ተሰቀለ። ኢቫንስ ምሕረት ያገኘው በ1966 ነው። ምሕረቱን ማን እንዲቀበለው እንደሆነ እንጃ።

እኔን የያዘኝ ግን "ቃል" የሚለው ነው። ለስንት ገበሬ ማመልከቻ መትቻለሁ መሰላችሁ። ሰውየው "በሬዬን ወሰደብኝ፣ ብጠይቀው በዱላ አለኝ" ይላል። እኔ "ንብረትነቱ የአመልካች የሆነውን አንድ የእርሻ በሬ ያለ አግባብ ከመውሰዱም በላይ" ብዬ እመታለሁ። አውራ ጣቱን ቀለም አስነክሬ አስፈርመዋለሁ። ያ ቃል የእሱ ነው የእኔ? አርባ ዓመት ሙሉ ይኼን ጥያቄ ራሴን ጠይቄው አላውቅም ነበር። የኢቫንስን ቃል የጻፈው ፖሊስ ነው፤ እሱ ራሱ መልሶ ሊያነበው አይችልም። እንግሊዞች ለነፍስ ግድያ የሚሰጠውን የሞት ቅጣት በ1965 አግደው በ1969 ጨርሰው ሲተዉት የእሱ ጉዳይ ከሚነሱት አንዱ ነበር።

የሞት ፍርድ አንድ ጊዜ መትቻለሁ። ከነካርቦኑ አራት ኮፒ። ዳኛው "ስሕተት እንዳይኖረው" አሉኝ። ስሕተት አልነበረውም። ማታ እራት አልበላሁም።

ሌላው ዓይነት ደግሞ ናርቦሮ ነው፣ ሌስተር አጠገብ ያለ መንደር። እዚህ ላይ ታሪኩ የፈረንጅ መሆኑ ቀረና የአያቴ ሆነብኝ። አያቴ ስለ አውጫጭኝ ያወሩልን ነበር። መንደር ውስጥ ከብት ከተሰረቀ ወይም ሰው ከሞተ ወንዱ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። አጥፊው እስኪታወቅ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። የቀረ ይቀጣል። ያየ ሰው ደፍሮ "እኔ አየሁ" አይልም። "ወፍ ነገረኝ" ይላል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም።

ናርቦሮ አካባቢ በ1983ና በ1986 ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተገደሉ። ፖሊስ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ያዘ። ልጁ የሁለተኛዋን አመነ፤ የመጀመሪያዋን አላውቅም አለ። አያቴ ሌባ ሻይ ስለሚባለውም ያወሩን ነበር። ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ከገባበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ይባላል። ይኼም ልጅ ተንገዳግዶ ራሱ ቤት የገባ ነው የመሰለኝ።

እዚያው ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሌክ ጄፍሪስ የሚባል ሊቅ በ1984 ሰውን በዲኤንኤው የሚለይበትን ዘዴ አግኝቶ ነበር። ፖሊስ ልጁ የመጀመሪያዋንም እንደገደለ አረጋግጥልን አለው። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው ነው፣ ግን ይኼ ልጅ አይደለም። በዲኤንኤ ከወንጀል ነጻ የወጣ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ያመነው ልጅ!

ከዚያ ፖሊስ ምን አደረገ? አውጫጭኝ። በ1987 የአካባቢውን ወጣት ወንድ ሁሉ ደም ስጡ አለው። ወደ 5,000 ሰው ሰጠ። አንድም አልተገኘም። ኮሊን ፒችፎርክ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ የሥራ ባልደረባውን ለምኖ፣ ፓስፖርቱ ላይ ፎቶ ቀይሮ፣ በእሱ ስም ደም አሰጥቶ ኖሯል። ያ ባልደረባው አንድ ቀን መጠጥ ቤት ተቀምጦ ለጓደኞቹ አወራው። አንዲት ሴት ሰማች። ቆይታ ለፖሊስ ነገረች። በሴፕቴምበር ተያዘ፣ ደሙ ተመረመረ፣ ገጠመ። በ1988 መጀመሪያ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

"አየሽ" አልኳት፣ "ሳይንሱ ሁሉ አልቆ የያዘው ወፍ ነው።"

"ሳይንሱ ባይኖር እኮ ያ ልጅ ታስሮ ይቀር ነበር እትዬ" አለችኝ። ይኼስ እውነት ነው። ለካ ዝም ብላ አይደለም የምትተኛው።

ባለፈው ሐሙስ አንድ እናት ሱቄ መጡ። ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው ነው፤ ነጠላቸው ጫፉ እርጥብ ነው። የእህታቸው ልጅ አብሯቸው አለ፣ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ የሚያይ ጎረምሳ። ኑዛዜ ነው። ምስክር አራት ሰው ጎረምሳው ራሱ ይዞ መጥቷል። ጽሑፉንም ሌላ ቦታ አስመትቶ መጥቷል። ከእኔ የሚፈልገው ኮፒና የፊርማ ቀለም ብቻ ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ለሦስት ታጥፏል። የፊርማው ቦታ ብቻ ይታያል።

"እዚህ ጋ ያስፈርሟቸው" አለኝ።

ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ወረቀት በኪስ ሲያዝ ይታጠፋል። እኔም የኪሴን ደረሰኝ እንዲሁ ነው የማጥፈው።

ወረቀቱን ዘረጋሁት። በመዳፌ አሸሁት። ምስክሮቹን ከበር ወደ ውስጥ ግቡ አልኳቸው።

"ባጃጅ እየጠበቀን ነው፣ እማማም ደክሟቸዋል" አለ ጎረምሳው።

"ባጃጁ ይጠብቅ። አንተም ውጭ ጠብቅ የኔ ልጅ።"

ፊቱን አጨፍግጎ ወጣ። ለእናትየው ወንበር ሳብኩላቸው። "እማማ፣ ጠጋ ይበሉ፤ ያላሉት ነገር ካለ ያስቁሙኝ" አልኳቸው። መነጽሬን አደረግሁና ከስማቸው ጀመርኩ።